ሳይነበብ የታተመው ደብዳቤ

በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉትን ሽማግሌ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ማኅተም» ይሏቸዋል። ገበያው በተቀዛቀዘበት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የእህታቸውን ልጅ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ አገኟት። ልጅቱ ከቢሮው ማዶ ባለው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረባት።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ አጎቴ። ጠዋት ስንደርስ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ሦስት መቶ ሰው ተሰናብቷል፤ ስማችን አጥሩ ላይ ተለጥፏል። ነፍሰ ጡር ጓደኛዬ ስሟን ስታይ እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪም ቤት አድርሻት መመለሴ ነው።»

ጋሽ ማኅተም ክው አሉ። ግን ድንጋጤያቸው ወዲያው ወደ ወቀሳ ዞረ፤ ሰው የፈራውን ነገር በቁጣ መሸፈን ይቀናዋልና።

«አላልኩሽም? መንግሥት ቤት ግቢ ብዬ ስለምንሽ አሻፈረኝ አልሽ። እኛን ማን ይነካናል?»

ልጅቱ ከስም ዝርዝሩ ጋር ተለጥፎ የነበረ፣ ከቢሯቸው የወጣ የታጠፈ የደብዳቤ ቅጂ አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የደብዳቤው ቁጥር የገዛ እጃቸው ጽሑፍ፣ ማኅተሙም የእሳቸው ነበር።

«ቅነሳው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በተደረገ ስምምነት የተፈቀደ ነው ይላል እኮ።»

«ማንም አልጠየቀንም አጎቴ። የስምምነቱ ቃለ ጉባኤ ተያይዞ ነበር?»

ባለፈው ሳምንት በእጃቸው ያለፈችው አንዲት ነጠላ ገጽ ነበረች፤ እሷንም ሳያነቡ ነው ያተሟት። ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አልነበረም» አሉ። «ግን ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ይህን ብናገር እኔስ?»

«ብቻዎን ይናገሩ አላልኩም። እናንተም ማኅበር አላችሁ፣ እኛም አለን። አንድ መንገድ እየተጋራን ሰላምታ እንኳ የለንም። እናንተ እኛን ‘የዛሬ እንጂ የነገ አይደሉም’ ትላላችሁ፤ እኛም እናንተን ‘ወንበር አሟቂ’ እንላለን። ፋብሪካው ሲዘጋ ግብሩ ይቀራል፤ ግብሩ ሲቀር ተራው የማን ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን ደግሞ ድር ቢያብር ልትይኝ ነው» አሉ።

«እርስዎ ካሉልኝ ምን ቀረኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማኅተም ነገሩን ለማኅበራቸው ተናገሩ፤ ጥፋታቸውንም አልደበቁም። መዝገቡ ተከፈተ፤ ቃለ ጉባኤ የለም። አሥራ አንድ የቢሮው ሠራተኞች ይህንኑ መስክረው ፈረሙ። እሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ፈቃዱ ግን ተሻረ። ባለ ፋብሪካውም ገበያ ማጣቱ እውነት ነበርና ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ መከረ፤ ማንም ሳይባረር ሁሉም በሳምንት ሦስት ቀን እየሠራ ክፉውን ጊዜ እንዲያሳልፍ ተስማሙ።

በሦስተኛው ወር ቢሮው ራሱ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው ተባለ። ጋሽ ማኅተም በማግስቱ በመስኮት ቢመለከቱ፣ መንገዱ በፋብሪካው ልብስ ሰፊዎች ተሞልቷል፤ የዕረፍት ቀናቸውን ሰውተው ለቢሮው ሠራተኞች ሊቆሙ መጥተዋል። በዚያ ትብብር የተነሳ ቅነሳው ቀርቶ፣ ትርፍ የተባሉት ሥልጠና ወስደው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ደመወዝ ከፋዩ ቢለያይም ችግር ሲመጣ የመንግሥት፣ የግል ብሎ እንደማይመርጥ ያን ጊዜ ሁሉም አወቀ።

ሽማግሌውን ያስደነገጣቸው ግን ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማዶ ለማዶ ከኖሩት ከእነዚያ ሰዎች፣ ከእህታቸው ልጅ በቀር አንዱንም በስም አያውቁም። ደረጃውን ወርደው፣ ከፊት ከቆመችው ጀምረው፣ አንድ በአንድ እየጨበጡ ስማቸውን ጠየቁ።