ቅጠል ስለሌለው አበባና ስለ ወይዘሪት የብርጓል እጅ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጥሩነሽ አወቀ
ዕድሜ፦ 47      ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቁይ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት

ተጠርጣሪው እንዳላማው አወቀ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ተጎጂዋን ወ/ሪት የብርጓል ምናለን የማውቃት ከደብረ ማርቆስ እየተመላለሰች የኪዳነ ምሕረትን ደን ስታጠና ነው። ከእርሷ ጋር ፍቅር የለንም። ባለፈው ሰኔ ሰንበቴ ላይ ተነሥታ፣ ደኑ ውስጥ ቅጠል የሌለው፣ አጥንት የመሰለ አበባ መብቀሉን፣ ምግቡንም የሚያገኘው አፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ መሆኑን፣ ከብት ከረገጠውና የረገፈው ቅጠል ከተጠረገ ሁለቱም እንደሚጠፉ ተናገረች። የደብሩ አለቃ መምሬ ወልደ ሰንበት ይህንን ሰምተው ከብት እንዳይገባ፣ ቅጠልም እንዳይዛቅ ከለከሉ። ማሳው ሁሉ ተዘርቶ ስለነበር እንዳላማው ከብቶቹን የሚያሰማራበት አጣ። እኔም ለጌሾዬ ማዳበሪያ የማደርገውን ቅጠል አጣሁ። ክረምቱን ሁለታችንም እርሷን ስናማ ከረምን።

ነሐሴ 14 ቀን ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ገደማ ክልከላውን ጥሼ ቅጠል ልዝቅ ወደ ደኑ ገባሁ። ይህንን አልክድም። ከትልቁ ዝግባ ሥር እንዳላማው በዶማ ሲቆፍር አየሁ። በመካከላችን አሥር እርምጃ ያህል ነበር። አበቦቹን እየነቀለ ይረግጣቸዋል። ወ/ሪት የብርጓል ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሮጣ መጥታ በቀሩት ሁለት አበቦች ላይ ተንበረከከችና መሬቱን በእጆቿ ሸፈነች። አልሰደበችውም። ወንድሜ “እጅሽን አንሺ” አላት። “አላነሣም፤ ከዚህ ሌላ የለም” አለችው። ዶማውን እንዳነሣ ትንሽ ቆየ። የሚተወው መስሎኝ ነበር። ከዚያ አወረደው። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። ነጠላዬን ቀድጄ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። እንዳላማው “አንቺ ምንም አላየሽም” ብሎኝ ሄደ።

ወንድሜ እጇን እንዳላየና ዶማው ስቶ እንደመታት ለፖሊስ መናገሩን ሰምቻለሁ። ከትናንት ወዲያ አጎታችን አቶ ባዘዘው ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ መጡ። እኔም እንደ እርሱ እንድናገር፣ አለዚያ ከእናታችን ተዝካር እንዳልደርስ ነገሩኝ። ልጅቱን ዛሬም አልወዳትም። ሐኪም ቤት ሄጄም አልጠየቅኋትም። ከሁለቱ አበቦች አንዱ ተርፏል ይላሉ፤ ሄጄ አላየሁትም። ነገር ግን ወንድሜ እጇን አይቶ፣ አንሺ ብሎ፣ እንቢ ስትለው ነው የመታት። ለአጎቴም ይህንኑ መልሼላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከዘመድ ደጄን የረገጠ የለም።

የተጻፈው ቃሌ በጆሮዬ ተነብቦልኛል፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ የያዘ እውነት ነው። መጻፍ ስለማልችል በአውራ ጣቴ አረጋግጫለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ (አለበት)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን አንተነህ ገዳሙ (ፊርማ)