ግመሏን ማን ይለባት?

ከጅግጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ሥራውን ጠየቁት።

«ማረሚያ ቤት አማካሪ ነኝ፣ እናቴ። ታራሚዎች ሲወጡ ከሰው ጋር መኖር እንዳይከብዳቸው አዘጋጃቸዋለሁ።»

«ወላሂ አላህ ነው ያገናኘን! የእኔም ልጅ በቅርቡ ተፈታ።»

«እንኳን ደስ አለዎት! ታዲያ ቤቱን ለመደው?»

«የት ለምዶት! ‹እዚህ እንግዳ ነኝ፤ ጅቡቲ እሄዳለሁ› ይለኛል። እኔ ምን አጎደልኩበት? ሥጋውን አቀርብለታለሁ፣ ምንጣፉን አነጥፍለታለሁ፣ ከተቀመጠበት አላስነሳውም።»

«ከመታሰሩ በፊት እቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«ግመሏን ያልብ ነበር። እኛ ዘንድ ግመል የሚያልበው ወንድ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሥራው የእሱ ነበር።»

«አሁንስ ማን ያልባታል?»

«ጎረቤታችን። ልጄ ሲታሰር ጀመረልኝ። ሲፈታም፣ ‹ትንሽ ይረፍ፣ አንተው ቀጥልልኝ› አልኩት።»

«እናቴ፣ እረፍቱንማ እኛ ጋ ጠግቦታል። ሥራውን ይመልሱለት።»

እናት ስልካቸውን አውጥተው ለጎረቤታቸው ደወሉ። በሶማሊኛ ተነጋግረው ሲጨርሱ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ምን አለዎት?»

«ከነገ ጀምሮ አትምጣ ስለው ሳቀ። ‹ልጅሽ እኮ በየጠዋቱ ማለቢያውን አጥቦ፣ ግመሏ አጠገብ ይዞት ቆሞ ይጠብቀኛል። ከእጁ ተቀብዬው ነው የማልባት› አለኝ።»

የቀረውን ልስማ ብዬ፣ ወራጅ ለማለት የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት።