የተዋናዩ መርዶ

ጭሮ ከተማ ውስጥ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ከመቻራ ድረስ ሙሽራ ኮት ሊያሰፋ ይመጣላቸዋል። የትከሻ አቆራረጡን የተማሩት በወጣትነታቸው በፊልም ካዩት አንድ የሆሊውድ ተዋናይ ነው፤ ፎቶው ከስፌት መኪናቸው በላይ ተሰቅሏል። "እስቲ ታሪኩን ከስልክህ አንብብልኝ" አሉኝ። በድህነት ማደጉን፣ ለዓመታት አንዲት ቃል የማትነገርበት ሚና ሲሰጡት ቆይቶ ስሙ የገነነ መሆኑን ሳነብላቸው ፊታቸው በራ። ቀጥሎ ድሮ መሞቱ ተጽፏል። መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም። "ኔትወርኩ ጠፋ" ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤታቸውን ሐጂ ሙሳን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ፎቶው ላይ ያለውን የመሰለ ጥቁር ኮት ለብሰው ጠበቁን።

"ኔትወርኩ ጠፋ ስትል ገብቶኛል" አሉ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንድ ሌሊት እንኳን ይኑርልኝ ብዬ።"