የማይወልቀው አፈሙዝ

በአንዲት የቆላ ከተማ፣ በገበያ ማግስት ረፋድ ላይ፤ ጠመንጃ ጠጋኙ ስማቸው ሱቁ ውስጥ፣ ገበሬው አያ ዘገየ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ፣ ምንሽር ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

ስማቸው፦ አያ ዘገየ፣ የምትወልቀዋን ትንሽ አፈሙዝ አልሠራልህም አላልኩም። ለምን እንደፈለግሃት ንገረኝ ነው ያልኩህ።

ዘገየ፦ ለዝንጀሮ። በቆሎዬን ፈጀብኝ አልኩህ እኮ።

ስማቸው፦ ዝንጀሮ አፈሙዙ ወለቀ አልወለቀ ምን ገዶት? የትንሿን ጥይት ድምፅ ሲሰማ ይሮጣል፣ በቃ። አፈሙዙን ከነአካቴው ወደ ትንሽ ብቀይርልህ አይላላም፣ አይስትም፣ ዕድሜ ልክህን ታርስበታለህ። የምትወልቀዋ ቀጭን ቱቦ ናት። በዚሁ በትልቁ አፈሙዝ ውስጥ ትገባለች፤ ስትተኩስባት ውላ ስታድር ትነቃነቃለች።

ዘገየ፦ ስትነቃነቅ አጠብቃታለሁ።

ስማቸው፦ ስታወልቃትስ?

ዘገየ፦ ሳወልቃትማ ጠመንጃው እንደ ድሮው ይሆናላ። ትልቁን ጥይት ይጎርሳል።

ስማቸው፦ እኔም የምጠይቅህ እሱን ነው።

ዘገየ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጠመንጃ ጠጋኝ ነህ ወይስ ዳኛ?

ስማቸው፦ ሽማግሌዎቹ በዚህ ሲያልፉ ነግረውኛል። ዘገየ ይመጣል፣ ምንሽሩን ወደ ትንሿ ጥይት አዙርለት፣ ከደመኛው ከተመቸ ጋር ስናስታርቀው የተስማማንበት ነው አሉኝ።

ዘገየ፦ ወደ ትንሿ ይዙር አሉ እንጂ አይውለቅ አላሉም።

ስማቸው፦ ጠበቃ ሆነህ መጣህ ደግሞ።

ዘገየ፦ ልጁ የሞተበት ሰው ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይለምደዋል።

ስማቸው፦ ይቅር በለኝ። ለክፋት አልነበረም።

ዘገየ፦ አውቃለሁ።

ስማቸው፦ ካስጨነቀህ ለምን አትሸጠውም?

ዘገየ፦ ልሸጠው ነበር። ሚስቴ ትርንጎ ናት የከለከለችኝ። ወደ ሌላ እናት ቤት ለቅሶ ይዞ እንዳይሄድ አለች።

ስማቸው፦ ተመቸንስ ታየዋለህ?

ዘገየ፦ ታየዋለህ ትለኛለህ? ልጄን ልየውን በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ነው የገደለው። እስሩን ጨርሶ ሲመጣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ዘገየ ሌላ ልጅ የለውም፤ እንግዲህ ልጁ ይሠራው የነበረውን ተመቸ ይሥራለት፣ በየክረምቱ በቆሎውን ይጠብቅለት ተባለ። አሁን ማማዬ ላይ አብሮኝ ይውላል። ወንጭፉ በሱ እጅ፣ ጠመንጃው በኔ እጅ።

ስማቸው፦ ምን ታወራላችሁ?

ዘገየ፦ ስለ ዝንጀሮ። ምን ሌላ ወሬ አለን? አንድ ቀን ብቻ አመለጠውና፣ በወንጭፍ ልየው ይበልጠኝ ነበር አለ። የዚያን ዕለት የቋጠርኩትን ምሳ ሳልፈታው ወደ ቤት መለስኩት።

ስማቸው፦ እንዲህ ከሆነማ የማይወልቀው ይሻልሃል፣ አያ ዘገየ። ትልቁ አፈሙዝ ይነሳ። አንተም ትረፍ።

ዘገየ፦ እንዴት ይነሳል? ልየው የተቀበረ ቀን ይሄን ጠመንጃ ይዤ አስከሬኑ ፊት ስፎክር አፈሙዙን ስሜ ምያለሁ። በዚህ ነው ደምህን የምመልሰው ብዬዋለሁ። አገር ሰምቷል።

ስማቸው፦ በእርቁ ቀንም ምለሃል። ያንንም አገር ሰምቷል።

ዘገየ፦ የንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው ያሉኝ። የፊተኛው መሐላ ፈርሷል፣ ጹምበት፣ ስገድበት አሉኝ። ጾምኩ። ሰገድኩ። መፍረሱን ግን ለልየው ማን ነገረው?

ስማቸው፦ እሱ ያለበትን የሚያውቅ ጌታ ይነግረዋል።

ዘገየ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ እተኛለሁ። ስነቃ አፈሙዙ ግድግዳው ላይ ነው።

ስማቸው፦ እውነቱን ልንገርህ? ትንሿም ጥይት ሰው ትገድላለች። ለክፉ ካሰብክ እኔ የምቀይረው ብረት አያግድህም።

ዘገየ፦ በትንሿ አልማልኩም።

ስማቸው፦ ታዲያ የማልክበትን አንሳው ነው የምልህ።

ዘገየ፦ አንስቼው ልጄን ምን ልበለው?

ስማቸው፦ እሱን እኔ አላውቅልህም። እሺ፣ አላስገድድህም። የምትወልቀዋ ያቻትና፣ ተሠርታ ተቀምጣለች። ዛሬውኑ ገጥሜልህ ይዘህ ትሄዳለህ። በል ጠመንጃውን ስጠኝ... ምነው? ለቀቅ አድርገው እንጂ።

ዘገየ፦ ትናንት ዝናብ ያዘን።

ስማቸው፦ ማማው ላይ?

ዘገየ፦ እዚያው። የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠመንጃውን በጎኔ ወደ ተመቸ አዙሬ አጋድሜዋለሁ። ትልቁን ጥይት ጎርሷል፤ ጣቴም ቃታው ላይ ነው።

ስማቸው፦ አንተ እግዚአብሔር።

ዘገየ፦ ብድግ አለ። ያ ሰው ሊሸሽ ነው ብዬ ነበር። ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ።

ስማቸው፦ ጣትህን ሳያይ ቀርቶ ይሆናል።

ዘገየ፦ አይቷል። መጀመሪያ የሸፈነው እጄን ነው። እንዳይበርደኝ ጫፉን ከሥሬ ጠቀጠቀልኝ። ከዚያ ተመልሶ አፈሙዙ ፊት ተቀመጠ፣ እየዘነበበት።

ስማቸው፦ አንተስ ምን አደረግህ?

ዘገየ፦ ምን አደርጋለሁ። እስኪያባራ ድረስ እንደተኛ ሰው ዓይኔን ሳልገልጥ አለቀስኩ።

ስማቸው፦ አያ ዘገየ... የትኛውን ልሥራልህ?

ዘገየ፦ እንካ። ትልቁን አፈሙዝ ፍታው። እስክትጨርስ እኔ ፊቴን ወደ ደጅ ላዙር።