ስንት ጣት ይፈልጋል?

ለፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ለቡሬና ለደምበጫ መንገደኞች በሙሉ! ዛሬ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመናኸሪያው አጥር ሥር፣ ሦስት የዓሣ ክር መጠቅለያዎች በሰማያዊ ላስቲክ ላይ በይፋ ተዘርግተዋል። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ስላልተገኘ ባለ ዕቃው አለበል ራሱ የላስቲኩን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ ሥነ ሥርዓቱን ፈጽሟል።

አለበል በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ የሚሠራው ድልድይ እስኪገኝ የሚጠብቅ ልጅ ነው። እስከዚያው ከባሕር ዳር የማጥመጃ ዕቃ እያመጣ ይሸጣል። የቡሬን መኪና እየጠበቅሁ ከጎኑ እንደቆምሁ የአገሬ ሰው አያ ወንዳወቅ መንጠቆና የናይለን ክር ሊገዙ መጡ። እሳቸው ፈጠም ወንዝ ላይ አርባ ዓመት ያጠመዱ ናቸው፤ ክሩን መዳፋቸው ላይ ጠምጥመው።

«አያ፣ ክሩን እሰጥዎታለሁ፤» አለ አለበል፣ «ግን በእጅ መጎተቱ ይቅርብዎ። መጠቅለያ ከነዘንጉ ይውሰዱ።»

«ለምን? እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እንዳይሆን ነው።»

«ዓሣ ሲነካ የሚታወቀው በጣት ነው። ይሄ ምኑን ያሰማኛል? ለመሆኑ ምንድን ነው፣ የበርበሬ ወፍጮ?»

የቆመው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ስቄ ጨርሻለሁ።

ያኔ የአያ ወንዳወቅ የወንዝ ባልንጀራ፣ ክንዱ የሚባል ሰው፣ የእህቱ ልጅ ያመጣለትን መጠቅለያ ይዞ ፈጠም ወርዶ ነበር። አያ ወንዳወቅ ገና ሲያዩት፣ «ክንዱ ፈትል ጀመረ! እንዝርቱን ይዞ መጣ!» አሉ። ወንዝ ዳር የነበርነው ሁሉ በሳቅ ፈነዳን፤ እኔ ደግሞ ቀልዷን ቡሬ ገበያ አደረስኋት። ክንዱ ዕቃውን ለእህቱ ልጅ መለሰ። በሁለተኛው ሳምንት በእጁ የጠመጠመውን ክር አምባዛ የሚሉት ትልቅ ዓሣ ይዞበት ሮጠ። ክሩ እስከ አጥንት በላው፤ የቀኝ እጁ አመልካችና መሐል ጣት ሐኪም ቤት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ክንዱ ወንዝ አልወረደም። አያ ወንዳወቅም ደጁን አልረገጡም።

አለበል ይህን አያውቅም። ማስተማሩን ቀጠለ።

«ይኸውልዎ፣ ይህ ባለ በርሜሉ ዓባይ ወርዶ ከትልልቅ አምባዛ ጋር ለሚታገል ነው። ዘጠኝ ሺህ ብር። ካልለመዱት ግን ሲወረውሩ ክሩ ይተበተባል፤ ሲፈቱ ይውላሉ።»

«ስንት ጣት ይፈልጋል?»

«ያው… እጅ ነው የሚፈልገው።»

«ስንት ጣት አልሁህ።»

«አውራ ጣት በርሜሉን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፤ የቀሩት ዘንጉን አንቀው ይይዛሉ። ሁሉም ሥራ አላቸው።»

«ቀጥል።»

«ይህ ፊቱ ክፍት የሆነው ለሁሉም ይሆናል። ቆጋ ግድብ ላይ ቀጭን ክር አርቆ ለመወርወር የሚስተካከለው የለም። ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ምክሬን ከሰሙኝ የእርስዎ ይህ ነው።»

«እሱስ ስንት ጣት?»

«ሲወረውሩ ክሩን በአመልካች ጣት ይይዙታል።»

አያ ወንዳወቅ ዕቃውን ቀስ ብለው ላስቲኩ ላይ መለሱት።

«ይቺ ባለ ክዳኗስ?»

«እሷ የጀማሪ ናት፣ አያ። ሺህ ሁለት መቶ። አርቃ አትወረውርም፤ ለትንሹ ዓሣ ለቀረሶ እንጂ ለትልቅ አምባዛ አትሆንም። እዚህ ጋ በአውራ ጣት መጫን፣ ሲወረውሩ መልቀቅ፣ በቃ።»

«አውራ ጣት ብቻ?»

«ብቻ።»

አያ ወንዳወቅ ዘንጉን በግራቸው ያዙ። የቀኛቸውን አመልካችና መሐል ጣት አጠፉና በቀሩት ጣቶች መዘውሩን አዞሩት። ዞረ። ደግመው አዞሩት። ያን ጊዜ ጥያቄያቸው ገባኝ።

«ከባድ ዓሣ ቢመጣስ?»

«ሦስቱም ላይ ማላሊያ አለ። ዓሣው ሲስብ መጠቅለያው ራሱ ክር ይለቅለታል። እጅ ላይ የተጠመጠመ ክር ግን አይለቅም፤ የሚለቀው ሥጋ ነው።»

«የዛሬ ስድስት ዓመትም እንዲህ ይለቅ ነበር?»

«ኧረ እኔ ሳልወለድም!» ሳቀ አለበል። «ይህን የያዘ ሰው እጁ እጁ ሆኖ ቤቱ ይገባል።»

አያ ወንዳወቅ ቀና አላሉም። እንግዲህ የመጠቅለያ ጥቅም ይህ ነው፦ መዳፍ አይቆርጥም፣ ክር አያባክንም፣ ዓሣውን ያደክማል፣ ሰውን ከገደል አፋፍ አያስጎነብስም። ያኔ ክንዱ ወንዝ ዳር ቆሞ ይህንኑ ሊነግረን ጀምሮ ነበር። ሳቃችን አላስጨረሰውም።

«ይቺን ጠቅልልልኝ።»

«አያ፣ የእርስዎ ጣት እኮ ሙሉ ነው! ለምን በጀማሪ ዕቃ…»

«ጠቅልላት።»

«ክሩና መንጠቆውስ?»

«ተወው።»

አብረን ተሳፍረን ቡሬ ስንደርስ አያ ወንዳወቅ የተጠቀለለውን ዕቃ በጋቢያቸው ሸፍነው በክንዱ ቤት በኩል ባለው መንገድ ታጠፉ። ተከተልኋቸው።

«አያ፣ እኔም ልምጣ። ያኔ ስቄያለሁ።»

«ና።»

«ስድስት ዓመት የት ነበራችሁ ቢለንስ? ምን ይሉታል?»

«ምንም አልለውም።»

«ለምን?»

«አልለውም አልሁህ። ያኔ ያላስጨረስነውን ዛሬ እሱ ይጨርስ።»