ያን ዓርብ ሙቀት ላይ የዋለው ማዮኔዝ

በእኛ ጊዜ፣ ሰናይት ልጄ፣ እዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ የምግብን ዕድሜ የምትወስነው ፀሐይ ነበረች። አንቺ ዛሬ «ጋሼ ወርቁ፣ ትናንት የመታሁት ማዮኔዝ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ መብራት ጠፍቶ አደረ እንጂ ሽታውም ጣዕሙም ደህና ነው፤ ለምሳ ላቅርበው ወይ?» ብለሽ እንደ ዋዛ ትጠይቂኛለሽ። እኔ ግን እንደ ዋዛ አልመልስልሽም። ምግብ ቤትሽ ገና አልተከፈተም፣ የሚጠብቅሽ ደንበኛም የለም፤ ተቀመጪና ስሚኝ።

ሆቴሉ እዚሁ ዋናው መንገድ ዳር ነበር። ደርግ ከባለቤቱ ወርሶ ሥራ አስኪያጅ ሾመበት፤ እኔ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ ወጥ ቤቱ ደግሞ የእትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች በልጅነቷ ደሴ ላይ ጣሊያኖች ቤት ስትሠራ ማዮኔዝ ተምራ፣ አስኳሉን በሹካ እየመታች፣ ዘይቱን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያደረገች፣ በመጨረሻ የቆላ ሎሚ ጨምቃበት ስታነጣው ማየት ነበር! ከደሴ የሚመጣ ሹፌር ጀውሃ ላይ ርቦት እንኳ ሳይበላ ያልፍ ነበር፤ የእሷን የድንች ሰላጣ ብሎ። ታዲያ አንድ ሕግ ነበራት። «ማዮኔዝ የዕለት ነው ይላሉ፤ የዕለትም አይደለም፣ የማዕድ ነው። ተመትቶ ይበላል፤ ማዕዱ ሲነሳ የተረፈው ይደፋል» ትል ነበር። ደብረ ብርሃን ቢሆን ብርዱ ጥቂት ያቆይልሽ ይሆናል። እዚህ ግን ጥላው ራሱ ያተኩሳል! ፍሪጃችን በላምባ የሚሠራ ነበር፤ ላምባው በራሽን ሆነና ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኖ ቀረ። ጨውና በርበሬ እናስቀምጥበት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ታምሩ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ፈሪ ነበር፤ እና ያኔ ያልፈራ ማን ነበር? ታዲያ አንድ ዓርብ «ወደ ወሎ የሚያልፉ ጓዶች ምሳ እዚህ ይበላሉ፤ የድንች ሰላጣ በማዮኔዝ ይዘጋጅ» ተባለ። እትዬ ዘነበች የነበረውን እንቁላል ሁሉ ሰብራ መታች። እንቁላል ደግሞ እንደ ዛሬ ከሱቅ አይገኝም፤ የቀወት ሴቶች በገበያ ቀን ማሽላ ውስጥ ቀብረው፣ በአህያ ጭነው ሲያመጡ ነው፤ ገበያው ካለፈ አለፈ። እና ምሳ ደረሰ፣ ጓዶቹ የሉም። ቀኑ ጋለ፣ ጓዶቹ የሉም። ለካ ጣርማ በር ላይ መኪናቸው ተበላሽቶባቸው ኖሯል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል «ቁልቁለቱን ወርደዋል» የሚል ስልክ ከደብረ ሲና ተደወለ።

ይህን ጊዜ እትዬ ዘነበች ሳህኑን ይዛ ወጣች።

«ጓድ ታምሩ፣ ይህን ልድፋው።»

«ምኑን?»

«ማዮኔዙን። ሙቀት ላይ ውሏል። ድንቹን በዘይትና በሎሚ ለውሼ አቀርብላቸዋለሁ።»

ታምሩ በጣቱ ጠቅሶ ቀመሰና «ምን ሆነ? እንዲያውም ጣፍጧል!» አላት።

«ይህ ሲበላሽ አይናገርም፣ ጓድ ታምሩ። ወተት ይናገራል፣ ሥጋ ይናገራል፤ ይህ ዝም ይላል።»

«ገብቶኛል፣ እትዬ ዘነበች። ነገር ግን ነገ ‹ለጓዶች የታዘዘውን፣ ያን ሁሉ እንቁላልና ዘይት ለምን ደፋህ?› ሲሉኝ ምን ልመልስ? ‹ሞቆት ነበር› ልበል? አሻጥር ነው የሚሉኝ!»

አሻጥር ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያች ቃል ሰው ታስበላ ነበር፣ ልጄ።

እና መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሰላጣውን እኔ አቀረብኩ። በአገራችን ወግ አሳላፊ ቀምሶ ነው የሚሰጥ፤ ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም። ጓዶቹ የአገሩን ወግ ሁሉ «ኋላ ቀር» ብለው ሲያበቁ ይህችን አንዷን አልተዉም። አለቃቸው በዚያ ወፍራም ድምፁ «ምግቡን የሠራችው ትምጣ! ትቅመስ!» አለ። እትዬ ዘነበች እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ቅመሺ።»

«ዓርብ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ የሚባል የለም፤ ጓድ በይ!»

«ዓርብ ነው፣ ጓድ።»

«ዓርብ ቢሆንስ?»

«ጾመኛ ነኝ፤ ይህ እንቁላል አለበት። በጾም ቀን በእጄ እሠራዋለሁ እንጂ በአፌ አላስገባውም።»

አለቃው ሹካውን አስቀመጠ። ሌላው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ወገቡ ላይ ምን እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ታምሩ እሷን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ እና ሳቀ፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። «እኔ ጾም የለብኝም፣ ጓዶች!» ብሎ ማንኪያ አነሳና ጎረሰ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ እነሱም ሳቁ፣ በሉ፣ «ግሩም ነው» አሉ፣ ሄዱ።

በማግሥቱ ታምሩ ከአልጋው አልተነሳም። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት። ወዲያው ከኮምቦልቻ ወሬ መጣ፤ ጓዶቹ ሐኪም ቤት ገብተዋል፣ ከመካከላቸው ስኳር የነበረበት አንድ ሽማግሌ ሞቷል ተባለ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው እትዬ ዘነበችን ወሰዷት። «መርዙን ማን ሰጠሽ? ባታውቂ ኖሮ ትቀምሺው ነበር!» ነው ነገሩ። ሐኪሙ «መርዝ አይደለም፤ እንቁላል ነው፣ ሙቀት ነው» ቢል ማን ሰምቶት? እኔም ሄጄ «ልድፋው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ፤ «አንተንም ሳንጨምርህ ውጣ!» ብለው አባረሩኝ።

ታዲያ ከዚያ ወጥቼ የሄድኩት ወደ ታምሩ ነው። ስነግረው ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

«ልብሴን አቀብለኝ።»

«ወዴት ልትሄድ?»

«ልድፋው ብላኛለች እኮ፣ ወርቁ። አቅርቡ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አርፈህ ተኛ! ይገድሉሃል!»

«ታዲያ እሷን ይግደሏት?»

ያ ፈሪ ያልኩሽ ሰው ነው፣ ሰናይት። በእግሩ መቆም እያቃተው ሄደ፤ ሄዶም ተናገረ። እሷ ወጣች፣ እሱ ገባ።

እዚህ አገር ዘመድ አልነበረውም፤ ስንቁን የምታመላልስለት እትዬ ዘነበች ሆነች። ያኔ የእስረኛ ስንቅ ያመጣው ሰው ሳይቀምሰው አይገባም። ዘበኛው «ቅመሺ» ይላታል፣ ትቀምሳለች። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ብቻ ስትሠራለት አይቼ «ለእሱ እንኳ የፍስኩን ብታደርጊለት ምን አለ?» አልኳት። «መቅመስ አለብኝ እኮ፣ ወርቁ። እምቢ ካልኩ ስንቁ አይገባም፤ እንደዚያ ዓርብ አሁንም በእኔ የተነሳ ይጎዳል» አለችኝ።

እና አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው «ቅመሺ» አላላትም። ሳህኑን እያየ፣ ፊቷን ሳያይ፣ «ምግቡን መልሺ፤ ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በእኛ ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀው ነበር። ለተገደለ ሰው ማልቀስ እንኳ ያስጠይቃል። አልጮኸችም። ይዛው ተመለሰች፣ ወጥ ቤት ገብታ ክዳኑን ከፈተች፣ እና እጇን እላዩ ላይ ዘርግታ «ገና ትኩስ ነው እኮ፣ ወርቁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማዮኔዝ አልመታችም።

ታዲያ ለምሳ ላቅርበው ወይ ነበር ያልሽኝ? የዛሬ ሰዎች «በደህና ፍሪጅ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል» ይላሉ፤ ይሁን፣ ዕውቀታቸው ነው። መብራት ጠፍቶበት ካደረ ግን አበቃ። ጣዕሙን አትጠይቂው። ታምሩም ቀምሶት ነበር። ጣፍጦት ነበር።

ወዴት ተነሳሽ?

«መጣሁ፣ ጋሼ። ልደፋው ነው።»

ሳህኑንም በፈላ ውኃ እጠቢው።