ውሃው በመጣ ሰዓት

"ቧንቧውን ጠብቂ ብዬሽ አልነበረም?" እናቴ ባዶውን ባልዲ እያገላበጠች ጮኸችብኝ።

"ጠብቄ ነበር። ግን ቸርች የወጣቶች ፕሮግራም ነበረን።"

"የምን ፕሮግራም?"

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። "ስለ አስሩ ቆነጃጅት። የጌታን መምጣት ተዘጋጅቶ ስለ መጠበቅ።"

እናቴ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። እኛ መሪ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ውሃ የምናገኘው በሳምንት አንዴ ነው፤ ሰዓቱን የሚያውቅ የለም። ያን ቀን መጥቶ የሄደው እኔ ደብተሬ ላይ "ነቅታችሁ ጠብቁ" የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምርበት ነው። ለምሳ ደግሞ የእናቴ የጸሎት ቡድን፣ ሃያ ሰው፣ እኛ ቤት ይመጣል።

"ከጎረቤት ልለምን?" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"ከማን? ልባሞቹ ቆነጃጅት እንኳ የመብራት ዘይታቸውን አላካፈሉም! እሱን አላስተማሩሽም?"

"አስተምረውናል። ደብተሬ ላይ አለ።"

በሩ ክፍት ስለነበር ጭቅጭቃችን ፎቁን ሁሉ አዳርሷል። ከላይ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን እትዬ ሩቂያ ሁልጊዜ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጀሪካኖቻቸውን ቧንቧ ስር ደርድረው ነው የሚጠብቁት። ድንገት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዘው እያለከለኩ ገቡ። እናቴ እኔን ልትቆጣ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

"እትዬ ሩቂያ፣ ለእርስዎስ?" አለች።

እሳቸው ጀሪካኖቹን ባልዲው አጠገብ አስቀመጡ፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረጉኝና ወደ ደረጃው ወጡ።